ደሴ ፒያሳ ያሉት ልብስ ሰፊ፦ ከረባት ይሸጣሉ፣ አስተሳሰሩንም ያስተምራሉ

ደሴ ላይ ሱፍ የሚሸጥ ቤት ሞልቷል ከረባትም እንደዛው፣ አስተሳሰሩን ግን አቁሞ የሚያስተምር ቤት ማግኘት ከባድ ነው። አብዛኛው ቦታ ያለውን አሰራር ታውቁታላችሁ፣ ከረባቱን ትመርጣላችሁ፣ ሻጩ ልጅ የራሱ አንገት ላይ አርጎ ቶሎ ቶሎ ያስረዋል፣ ላላ አርጎ በጭንቅላቱ አውልቆ ይሰጣችኋል፣ እናንተም እንደታሰረ ቤት ወስዳችሁ ቁምሳጥን ውስጥ ትሰቅሉታላችሁ። ከዛ በኋላ ሰርግ ሲመጣ ማጥበቅ ሰርጉ ሲያልቅ ማላላት ነው፣ እንዲህ እያለ ዓመታት ይሄዳል። ቋጠሮው ያረፈበት ቦታ ጨርቁ ይደክማል፣ መስመር ያወጣል፣ አንድ ቀን ደግሞ የሆነ ሰው ሳያውቅ ይፈታውና መኪናው ውጪ ክላክስ እያረገ ከረባት ማሰር የሚችል ሰው ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራል። ሚዜ የሆነ ሰው ሁሉ ይሄን ነገር ያውቀዋል።

እና ስለ እኚህ ሰውዬ መጻፍ የፈለኩት ለዚህ ነው። ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ስር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ሱሪ የሚያሳጥሩ ኮት የሚያጠቡ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ታፔላ የላቸውም፣ ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ጋሼ ብዬ ነው የምቀጥለው፣ ደንበኛውም እንደዛ ነው ሚጠራቸው። ከጀርባቸው ባለችው ጠባብ ክፍል ሸሚዝ፣ ቀበቶና ከረባት ይሸጣሉ። ቦታው ከውጪ ሲታይ ምንም አይመስልም፣ አጠገቡ ያሉት መስታወት በመስታወት የሆኑ ቤቶች ዓይን ስለሚስቡ ሰው አልፏቸው ይሄዳል፣ ያ ነው የሚያሳዝነኝ።

እኛ የሄድነው ለጓደኛችን ሰርግ ነው፣ ግንቦት ላይ፣ ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ከረባት እንድናረግ ሙሽሪት ወስናለች፣ ቀለሙንም በቴሌግራም ልካልናለች። ጋሼ ፎቶውን አይተው ከረባቱን ከማውረዳቸው በፊት የጠየቁን "ማናችሁ ናችሁ ማሰር የምትችሉት?" ብለው ነው። ዝም አልን። "አብሽሩ ልጆቼ፣ ሳትችሉ አትወጡም" አሉና መስታወቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። እውነትም ሳንችል አልወጣንም።

አሁን እንዴት እንደሚያስተምሩ ልንገራችሁ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከረባት አስተሳሰር ያላየ ሰው የለም፣ አይቶ የሚችለው ግን ጥቂት ነው፣ ለምን ቢባል ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ ነው የቆመው፣ የሱ ቀኝ ላንተ በግራ በኩል ነው ሚታይህ፣ አንዳንዱ ደግሞ ቪዲዮውን ገልብጦ ይለቀዋል፣ ሌላው አይገለብጠውም፣ አንተ እጅህን እያየህ፣ ስልኩን እያየህ፣ መስታወቱን እያየህ ሶስት አቅጣጫ ይምታታብሃል። ጋሼ ፊት ለፊትህ አይቆሙም። አጠገብህ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት፣ የራሳቸው አንገት ላይ ያረጀ ከረባት ያረጋሉ፣ ሁለታችሁም አንድ መስታወት ውስጥ ነው የምታዩት፣ የሳቸው ቀኝ እጅ ወደሄደበት ያንተም ቀኝ እጅ ይሄዳል። በቃ ይሄው ነው፣ ግን ለውጡ ሰማይና ምድር ነው፣ ቤት ውስጥ ወንድምህን ወይ ልጅህን የምታስተምር ከሆነ ይሄንኑ አርግ፣ ከፊቱ አትቁም።

የሚያስተምሩት አንድ አስተሳሰር ብቻ ነው መጀመሪያ ላይ፣ በእንግሊዝኛው ፎር ኢን ሃንድ የሚባለውን። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ይቆለፋል፣ ኮሌታው ይነሳል። ሰፊው ጫፍ በቀኝ በኩል ረዘም ብሎ ይንጠለጠላል፣ ቀጭኑ በግራ ከእምብርት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከዛ ሰፊውን በቀጭኑ ላይ አሻግሮ ወደ ግራ፣ ከኋላው አዙሮ ወደ ቀኝ፣ እንደገና በፊት ለፊት ወደ ግራ፣ ከዛ አገጭ ስር ባለው ክፍተት ከውስጥ ወደ ላይ ማውጣት፣ በመጨረሻ አሁን ፊት ለፊት በተፈጠረችው ቀለበት ውስጥ ወደ ታች ማስገባት። ሲያጠብቁም ቀጭኑን ጫፍ በአንድ እጅ ይዘው ቋጠሮውን በሌላው ወደ ላይ ይገፉታል፣ ሰፊውን ብቻ የሚጎትት ሰው ሲያዩ እጁን ያዝ ያረጉታል፣ ምክንያቱም እንደዛ ሲጎተት ቋጠሮው ጠንክሮ አንገት ድረስ አልሄድም ይላል።

ቀጥሎ ያለችው ነገር ናት ሰው የማያስተውላት። ከቋጠሮው ስር መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ጎድጎድ ያለች እጥፋት አለች፣ ጥሩ የታሰረ ከረባት ላይ ሁሌም ታያታላችሁ፣ ዜና አንባቢዎችን አስተውሏቸው። እሷ ዝም ብላ አትመጣም፣ ቋጠሮው ሊጠብቅ ሲል ሰፊውን ጫፍ በሌባ ጣት መሃል ላይ ጫን አርገህ ከግራና ከቀኝ በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ትሰበስበዋለህ፣ እንደያዝከው ታጠብቀዋለህ። እሷ ካለች ርካሹም ከረባት ሰውነት ይኖረዋል፣ ከሌለች ውዱም ጠፍጣፋ ሆኖ ይንጠለጠላል። ጋሼ እዚህ ላይ በጣም ጥብቅ ናቸው፣ እጥፋቷ ወደ ጎን ከሄደች ፈትተህ እንደገና ነው፣ "ተወው ጥሩ ነው" የሚባል ነገር የለም።

ርዝመቱ ደግሞ የሰፊው ጫፍ ሹል ቀበቶው ዘለበት ላይ ሲያርፍ ነው ልክ የሚሆነው። ከሱ በታች ከወረደ ወይ ሆድ ላይ ከቀረ መስተካከል ያለበት ሲጀመር ቀጭኑን ጫፍ የተውክበት ቦታ ነው፣ ቋጠሮውን አጥብቆ ወይ አላልቶ ርዝመት አይስተካከልም። ይሄንን ሲያስረዱ አንድ ጥሩ ዘዴ አሳዩኝ፣ ልክ የመጣልህ ቀን የቀጭኑ ጫፍ የትኛው የሸሚዝ ቁልፍ ላይ እንደነበር ልብ በል፣ ከዛ በኋላ ሁሌ ከዛ ቁልፍ ጀምር። ቁመት ስለማይቀየር በዛው ከረባትና በዛው አስተሳሰር ሁሌም ይሰራል።

መጨረሻ ላይ ያረጉት ነገር ነው በጣም የወደድኩላቸው፣ መስታወቱን በጨርቅ ሸፈኑት። በጣትህ ብቻ እሰር ነው። መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ግን እጅ አንዴ ከለመደ በኋላ ዓይን አያስፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም (ደሴ ላይ ይሄ የታወቀ ነው) መኪና ውስጥም ሆነህ ታስራለህ። ከዛ ከረባቱን ፈትተው ጠቅልለው በፌስታል ይሰጡሃል። ዚፕ ወይ ላስቲክ ካለው በቀር የታሰረ ከረባት ይዞ ከሳቸው ቤት የሚወጣ ሰው የለም። ለማስተማሩም ተጨማሪ ሳንቲም አይቀበሉም፣ አንዱ ጓደኛችን ሊሰጣቸው ሞክሮ ተቆጥተውታል።

ትልቁን ቋጠሮ የምትፈልጉ እዚህ ጋ ስሙኝ፣ ምክንያቱም ከኛም አንዱ ቲክቶክ ላይ አይቶ እሱን ነበር ሚፈልገው፣ ፉል ዊንዘር የሚባለውን፣ ሰፊ ሶስት ማዕዘን የሚሰራውን። ጋሼ እምቢ አላሉትም፣ አሰሩለትና መስታወት ፊት አቆሙት። ሸሚዙ ጠባብ ኮሌታ ነበረው፣ ጫፎቹ ቋጠሮው ላይ ቁጢጥ ብለው ተነሱ፣ ከረባቱም አጠረና ከዘለበቱ በጣም ከፍ ብሎ ቀረ። ነገሩ ግልጽ ነው፣ የተለመደው ከረባት ርዝመቱ 1 ሜትር ከ45 እስከ 1 ሜትር ከ50 አካባቢ ነው፣ ቋጠሮው በተዟዟረ ቁጥር ከዛ ላይ ነው የሚበላው። እ.ኤ.አ. በ1999 ካምብሪጅ ውስጥ ቶማስ ፊንክ እና ዮንግ ማኦ የሚባሉ ሁለት የፊዚክስ ተመራማሪዎች የከረባት አስተሳሰርን በሂሳብ ሰርተው 85 መንገድ እንዳለው ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት አውጥተው ነበር፣ በነሱ አቆጣጠር ፎር ኢን ሃንድ 4 እንቅስቃሴ ነው፣ መካከለኛው ሃፍ ዊንዘር የሚባለው 6፣ ፉል ዊንዘር 8። እጥፍ ማለት ነው። ወፍራም አንገት ያለው ወይም ረጅም ሰው ከሆንክ ያቺ ልዩነት ሆድህ ላይ ነው የምትታየው።

ደግሞ የሚገርመው ዊንዘር የሚለው ስም የመጣባቸው ሰውዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ዙፋን የለቀቁት የእንግሊዙ ንጉስ ኤድዋርድ 8ኛ በኋላ የዊንዘር መስፍን የተባሉት፣ ራሳቸው ያንን ቋጠሮ አያስሩም ነበር። ከረባታቸውን ውስጡ ወፍራም ሆኖ እንዲሰራ እያዘዙ ያው ቀላሉን ፎር ኢን ሃንድ ነበር የሚያስሩት፣ ቋጠሮው ትልቅ የሚመስለው ከጨርቁ ውፍረት ነው። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ "እኔም የምለው እሱን ነው፣ ወፍራም ከረባት ግዛ አልኩት" ብለው ወደ ጓደኛችን ዞሩ። በመጨረሻ ሃፍ ዊንዘር አስተማሩት፣ ኮሌታው ገለጥ ያለ ሸሚዝም ቀየረ፣ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ጀማሪ ከሆንክ ፎር ኢን ሃንዱን ያዝ፣ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ዘመም ማለቱ ስህተት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።

ስለ ከረባቱ ጥራት እንምጣ። አብዛኛው ፖሊስተር ነው፣ ሐር የለም፣ ጋሼም ሐር ነው ብለው አይሸጡም፣ ይሄን ማድነቅ አለብኝ ምክንያቱም ሌላ ቦታ ፖሊስተሩን ሐር ነው እያሉ ዋጋ ሲቆልሉ ሰምቻለሁ። አብሮን የነበረው አንዱ ልጅ ኮምቦልቻ ካምፓስ ጨርቃ ጨርቅ የተማረ ነው፣ እሱ እያገላበጠ ያሳየን ነገር ለምትገዙ ሁሉ ይጠቅማል። ከረባት ጨርቁ በቀጥታ አይቆረጥም፣ በሰያፍ በ45 ዲግሪ ነው የሚቆረጠው፣ ይሄ ዘዴ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጄሲ ላንግስዶርፍ የሚባል የኒውዮርክ ሰው ከረባትን በሰያፍ ቆርጦ በሶስት ቁራጭ ቀጥሎ መስፋት ከጀመረ በኋላ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጥና ይመለሳል፣ ስለዚህ ስትፈታው መጨማደዱ ይለቀዋል። መፈተሻው ቀላል ነው፣ ከረባቱን ከቀጭኑ ጫፍ ይዛችሁ አንጠልጥሉት፣ ቀጥ ብሎ ከወረደ ጥሩ ነው፣ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ አቆራረጡ ተበላሽቷልና አትግዙ፣ ሁሌም ሲታሰር ይዞርባችኋል። ጀርባውን ገልጣችሁ ደግሞ ላላ ያለ አንድ ረጅም ክር በቀለበት ተትቶ ካያችሁ አትቁረጡት! ክሩ አልቆ አይደለም፣ ከረባቱ ሲሳብ ስፌቱ እንዳይበጠስ እንዲንቀሳቀስ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። የጋሼን ከረባቶች በዚህ ፈተና አየናቸው፣ አንዳንዱ ተጠማዘዘ፣ እሳቸውም ሳይከራከሩ ወደ ጎን አስቀመጡትና ከቀሩት አስመረጡን።

ቋጠሮው ተሰርቶ የሚመጣውን፣ ዚፕ ያለውንና ላስቲኩንም ይሸጣሉ። ለትምህርት ቤት ልጅ ላስቲኩ ጥሩ ነው፣ ልጅ ሲጫወት ቢጎተት ይለጠጣል፣ እናትም ጠዋት ጊዜ አታባክንም። ለትልቅ ሰው ግን ዚፑን አልመክርም፣ ቋጠሮው ሁሌ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከሸሚዙ ጋር አይገጥምም፣ ዚፑ ሲበላሽም የሚጠገን ነገር የለውም። ጋሼ ራሳቸው ዚፑን የጠየቀ ሰው ሲመጣ "አንድ ጊዜ ላሳይህና ካልቻልክ እሱን ውሰድ" ነው የሚሉት፣ ሽያጩ የሚቀንስባቸው ቢሆንም።

እኛ እዛ ሳለን አንዲት እናት ለልጃቸው ሊያስሩ ሊማሩ መጥተው ነበር፣ ልጁ ሊመረቅ ነው፣ ለምን ራሱ አይማርም ስንላቸው "እኔ ላስርለት ነው የምፈልገው" አሉ። ለሌላ ሰው አንገት ሲታሰር ደግሞ አቆሙ ይለያል፣ ጋሼ እናትየዋን ከልጁ ጀርባ አቁመው እጃቸውን በትከሻው ላይ አሳልፈው ነው ያስተማሯቸው፣ እንደዛ ሲሆን እጅ ለራስ እንደሚያስር ነው የሚሄደው። ባንክ ስራ ሊጀምር የነበረ ልጅም ነበር፣ እሱ በግራ እጁ ነው የሚሰራው፣ ጋሼ ሁሉን ነገር ገልብጠው አሳዩት፣ ሰፊው ጫፍ በግራ ሆኖ። ትዕግስታቸው ይገርማል፣ ወላሂ።

ቅር ያሉኝ ነገሮችም አሉ። ክፍሏ ጨለም ትላለች፣ ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከረባት አይለይም፣ ውጪ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። መስታወቱ ዝቅ ብሎ ስለተሰቀለ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው ሚያስረው፣ ጎንበስ ስትል ደግሞ የከረባቱ ርዝመት ይሳሳታል፣ ይሄ ቢስተካከል በጣም ጥሩ ነው፣ ነግሬያቸዋለሁ እሰቅለዋለሁ ብለዋል። አንድ ዓይነት ቀለም ለብዙ ሚዜ ላይሞላ ይችላል፣ ለኛም አንዱ ጎድሎ ከሌላ ቦታ አስመጥተው ነው የሞሉት፣ ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ዋጋ አልተለጠፈም፣ መጠየቅ አለባችሁ፣ ግን ሲጠየቁ ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው የሚናገሩት፣ ከሌላው ቤት ጋርም ብዙ አይራራቅም። ቁጥሩን እዚህ የማልጽፈው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ነው። ከጥር ጥምቀት በኋላና ግንቦት ላይ ቅዳሜ ቀን ከሄዳችሁ ደግሞ ወረፋው ብዙ ስለሆነ ተረጋግተው አያስተምሯችሁም፣ ሰርጉ ሳይደርስ በስራ ቀን ሂዱ።

የሰርጉ ቀን እንዴት ሆነ ለምትሉ፣ ጠዋት ደሴ ብርድ ነበር የላይኛው ቁልፍ ተቆልፎ ምንም አይሰማህም፣ ከዛ ሐይቅ ፎቶ ሄድን ንፋሱ ከረባቱን ትከሻ ላይ እየጣለ አስቸገረን፣ ከሰዓት ደግሞ የሙሽሪት ቤት ኮምቦልቻ ስለሆነ ሀረጎን ስንወርድ ሙቀቱ ጀመረ፣ ሁላችንም መኪና ውስጥ አላላን፣ በሩ ላይ ስንደርስ እንደገና አሰርን፣ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ለንፋሱ ቀላል መፍትሄ አለው፣ ከሰፊው ጫፍ ጀርባ ያለችው ትንሽ የጨርቅ ማቀፊያ ውስጥ ቀጭኑን ጫፍ አስገቡት፣ ከዛ ከረባቱን ከሸሚዙ ጋር የሚይዝ ፒን አርጉ፣ ጋሼ ጋር ፒኑም አለ፣ ከሸሚዙ ሶስተኛና አራተኛ ቁልፍ መሃል ላይ ነው የሚያዘው።

ስትፈቱ በተሰራበት መንገድ ወደኋላ እየመለሳችሁ ፍቱት፣ ቀጭኑን ጫፍ በጉልበት ጎትቶ ማውጣት ውስጡ ያለውን ጨርቅ ያጣምመዋል። ማታ አንጠልጥሉት ወይ በላላው ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፣ በነጋታው መስመሩ ይጠፋል። ካውያ በቀጥታ አታሳርፉበት፣ ፖሊስተር ያብለጨልጫል፣ ጠርዙም ክብ መሆኑ ቀርቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ የግድ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ጣል አርጋችሁ በላዩ በእንፋሎቱ ብቻ። ላውንደሪ የምትሰጡም ጠርዙን እንዳይጫኑት ንገሯቸው።

ከአምስት አራት ከግማሽ እሰጣቸዋለሁ፣ ግማሿ ለመብራቱና ለመስታወቱ ናት። ስትሄዱ ለዝግጅቱ የምትለብሱትን ሸሚዝ ለብሳችሁ ሂዱ፣ ቲሸርት ላይ የተማረ ሰው ኮሌታ ሲመጣ እንደገና ነው የሚጀምረው። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ከዛ ምሳ በልተው ነው የሚመለሱት፣ ስለዚህ ዓርብ ከሆነ ወይ ጠዋት ወይ ከ9 ሰዓት በኋላ ድረሱ።